ስምንተኛው ላይ ያለው ዝምታ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እትዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፤ ሳል ይዞኝ ነበር፣ አሁን ለቆኛል። ደብዳቤዬ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ።

ስልክ ይሻላል ብዬ ዳግመኛ አልነዘንዝህም። «በስልክ የተባለ ይበራል፣ የተጻፈ ይቀመጣል» ካልከኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ድምፅህ ግን ይናፍቀኛል። ይህን አንዴ ካልኩ በኋላ አላነሳውም።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አዎ፣ አሁንም ቀን ቀን ስፒከር እጠግናለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ከልብስ ሰፊው በላይ ባለችው ክፍሌ ገብቼ አንተ «ሽቦ መነካካት» የምትለውን እሠራለሁ። አይ፣ ዘፋኝ የለውም። አይ፣ ጊታርም ፒያኖም የለውም፤ ድምፁ የሚወጣው ከኤሌክትሪክ ነው። «ታዲያ ሰው ምኑን ነው የሚሰማው?» ብለሃል። ሠላሳ ዓመት ቦይለር ቤት ቆሞ ቧንቧ ሲያዳምጥ የኖረ፣ ፋብሪካው በሙሉ «ጆሮ» እያለ የሚጠራው ሰው ይህን ሲጠይቀኝ ሳቄ መጣ።

ስለዚህ ፍላሽ ልኬልሃለሁ፣ ቴፕህ ላይ ሰካው። ስምንት ሙዚቃ አለበት። ግጥም አትጠብቅ። ይህ ምን መሣሪያ ነው እያልክም አትድከም። በቀን አንዱን ብቻ፣ አንዱን ሦስት ጊዜ ስማ። መጀመሪያ ዝም ብለህ ብቻ፤ ቀጥሎ ከሥር ያለውን ወፍራሙን ይዘህ፤ በሦስተኛው ወፍራሙን ለቀህ ከላይ ያለውን ቀጭኑን ይዘህ። የሚደጋገም ይመስልሃል፤ ከጠበቅከው ግን በየዙሩ አንድ ነገር ይለወጣል። ስምንተኛውን ለመጨረሻ አቆየው። ማን እንደሠራው አሁን አልነግርህም። በእሱ ላይ የምትሰጠው ፍርድ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

እህትህ ሽቦ

ጥቅምት 16

ይድረስ ለሽቦዬ፣

እኛ ደህና ነን። የእትዬሽ ጉልበት እንደ አየሩ ነው፤ አንድ ቀን ይሻላታል፣ አንድ ቀን ይብስባታል። ከተጋባን ወዲህ ያላየሁትን ጠባይ ግን አምጥታብኛለች፣ ቁጣ አብዝታለች። አንቺም ሳልሽን ችላ አትበይው።

ፍላሹ ደርሷል። የመጀመሪያውን ከፍቼ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጎረቤታችን አናጢው መጥቶ ፍሪጃችን ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀ። ሙዚቃ ነው አልኩት። አየኝ፣ አየኝና «እግዜር ይማርዎት» ብሎኝ ሄደ። እኔም አልዋሽሽም፣ የመጀመሪያ ቀን ሰድቤዋለሁ። ሁለተኛውንም ሰድቤዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ግን ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። የእኛ ቁጥር ሁለት ፓምፕ ነው፤ መሠረቱ የላላው። ከሥር ሁለት ወፍራም ድምፅ አለ፣ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይዘገያል። ሲራራቁ ሆድ ይረብሻሉ፤ ሲገናኙ ደረት ውስጥ ይመታሉ። የሚገናኙት በአሥራ አንደኛው ዙር ነው። ቆጥሬያለሁ።

በሥራ በኩል ሁለተኛው ቦይለር ለጥገና ተከፍቷል። ከጥገና ቡድኑ አንዲት አዲስ መካኒክ ተመድባልናለች፤ ሁላችንም «አዲሷ» ነው የምንላት። ቁመቷ ከእኔ በአንድ ራስ ይበልጣል። ደብተር ይዛ ከቀኝ ትከሻዬ ጀርባ ትቆማለች፤ ስቆም ትቆማለች፣ ስሄድ ትሄዳለች። አለቃው «ጆሮ የረገጠበትን ብቻ ርገጪ» ብሏታል። እሷም እንደተባለችው ታደርጋለች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቀደም ብለሽ ሰው በዚህ ይጨፍራል ያልሽኝ የምርሽን ነው?

ወንድምሽ

ጥቅምት 27

ይድረስ ለጋሼ፣

የምሬን ነው፣ ይጨፍራሉ። አንተም ሳታውቀው እግርህ ሳይነቃነቅ አልቀረም፤ እትዬን ጠይቅልኝ።

አሥራ አንደኛው ዙር ያልከውን ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ ከታች ልብስ ሰፊው ምን ነካሽ አለኝ። እኔ ያንን ያወቅኩት በሁለተኛው ወር ነው። አንተ በሦስተኛው ቀን። ዓመታት የሰሙ ሰዎች ሲገናኙ ደረት ውስጥ የሚሰማውን ነገር የሚሉበት ቃል አጥተው ይከራከራሉ፤ አንተ ግን የላላ ፓምፕ ብለህ ጨረስከው። ኮርቼብሃለሁ።

ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ይህን ልብ በል። ድምፁ ታፍኖ ይጀምርና ቀስ እያለ ይከፈታል፤ ቫልቭ በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር ስትከፍት እንደሚሆነው ነው። ፊልተር ይባላል። ምንም አዲስ ነገር አይጨመርም፤ የነበረው ነው የሚገለጠው። እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ቫልቩን አብረህ ክፈተው።

ስለ አምስተኛው ግን ምነው ምንም አልጻፍክልኝ? ከላይ ቃጭል የሚመስል ነገር አለ፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳልኝ እሱን ነው። አልወደድከውም?

ሽቦ

ኅዳር 10

ይድረስ ለሽቦዬ፣

ቃጭሉን አልወደድኩትም፣ ለዚህ ነው ያልጻፍኩልሽ። ቃጭል የበግ ነው። ስድስተኛው ግን እንዳልሽው ቫልቭ ነው፤ አከፋፈቱን የሚያውቅ ሰው ነው የከፈተው። ቸኩሎ ቢሆን ቧንቧው ይመታ ነበር።

ስምንተኛውን ትናንት ሰማሁት፣ ዛሬም ደገምኩት። ሽቦዬ፣ ይህን የሠራው ሰው ትልቅ ሰው ነው። ሌሎቹ ጎበዞች ናቸው፤ እሱ ግን ዝም ማለት ያውቃል። ሦስት ደቂቃ ያህል ያንን ከባድ ነገር ከሥር ሲያንከባልል ይቆይና ድንገት ይተወዋል። ምንም የለም። አራት ደቂቃ ሙሉ፣ ባዶ። መጀመሪያ ቴፑ የቆመ መስሎኝ ተነሥቼ አይቻለሁ፤ ይቆጥራል። ከዚያ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ወፍራሙ ሲመለስ አልቅሼ ነበር ብልሽ ታምኛለሽ? አራት ደቂቃ ሰውን በዝምታ አስቀምጦ መያዝ ድፍረት ይጠይቃል። ማነው እሱ? ሽማግሌ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ቦይለር ጥር 28 ይነሣል። እንፋሎቱ ሲለቀቅ ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መጀመሪያ የምሄድበት እንደ ወትሮው እኔ ነኝ። ልማዳችንን ታውቂዋለሽ፤ ጆሮ ካላለፈ እግር አያልፍም። የዚያ ቧንቧ እንፋሎት እንደ ድስት እንፋሎት ነጭ ሆኖ አይታይም። በቀዳዳ ሲወጣ አየር ነው የሚመስለው፣ ያገኘውን ግን ይቆርጣል። ሌላ ቦታ መጥረጊያ ከፊታቸው እያወዛወዙ ነው የሚሄዱት፤ የመጥረጊያው ጭራ ከተቆረጠ ቀዳዳው እዚያ ነው ማለት ነው። እኔ በሠላሳ ዓመቴ መጥረጊያ ይዤ አላውቅም። መጥረጊያ ጆሮ ለሌለው ነው። አዲሷ ከኋላዬ ትመጣለች፣ ከዚያ አለቃው፣ ከዚያ ሌላው ሰው ሁሉ።

ሌላ ስምንት ላኪልኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር 21

ይድረስ ለጋሼ፣

ደህና ነህ? እኔ ደህና ነኝ።

ስምንተኛውን ማን እንደሠራው ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ያልከውን በደንብ ለመረዳት ያህል፣ ዝም የሚለው ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ደቂቃ ነው? በስፒከር ነው የሰማኸው ወይስ በጆሮ ማዳመጫ?

ሌላ ፍላሽ ልኬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለበት፣ ስሙ «መሰላል» ነው። ከወፍራም ይጀምርና እየቀጠነ እየቀጠነ ይወጣል። ለብቻህ ስማውና ድምፁ በስንተኛው ደቂቃ እንዳበቃ ጻፍልኝ። እትዬን አጠገብህ እንዳታስቀምጣት።

ሽቦ

ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለሽቦዬ፣

ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ነው፣ ጽፌልሽ ነበር። በሁለቱም ሰምቼዋለሁ። መሰላሉም ደርሶኛል፤ እንዳልሽው እየቀጠነ ይወጣና ልክ ስድስት ደቂቃ ላይ ያበቃል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ሙዚቃ ነው ግን አልልም።

ደብዳቤሽ ምነው አጠረ? ሌላ ጊዜ የልብስ ሰፊውን ወሬ እንኳ አትተዪም። የደበቅሽኝ ነገር ካለ ንገሪኝ። በእኛ መካከል መደባበቅ ኖሮ አያውቅም።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 14

ይድረስ ለጋሼ፣

ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው።

መሰላሉ ስድስት ደቂቃ አይደለም። በቴፑ መስኮት ላይ የሚቆጠረው ስድስት ነው፤ ድምፁ ግን አምስት ላይ ያበቃል። የመጨረሻውን አንድ ደቂቃ ባዶ ተውኩት። ባዶውን ሰማሁ ብለህ ጻፍክልኝ። ጆሮህ በስንተኛው እርከን ላይ እንደቆመ እኔ አላውቅም፣ አንተ ታውቃለህ። ስለፈተንኩህ አፍራለሁ። ሌላ መንገድ ግን አልነበረኝም፤ ብጠይቅህ እሰማለሁ ትለኝ ነበር።

ስምንተኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ትልቅ ሰው ብለኸኛል፤ ዕድሜ ልኬን ከአንተ ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው፣ ደስ ሊለኝ አልቻለም። ምክንያቱም ስምንተኛው ላይ ዝምታ የለም። አንዲት ሰከንድ የለም።

እናታችን የሞተችበት ዓመት፣ የሚይዘኝ ሰው ጠፍቶ ሥራ ቦታህ ይዘኸኝ የሄድክበትን ቀን ታስታውሳለህ? ስምንት ዓመቴ ነበር። ቦይለር ቤቱ በር ላይ አቆምከኝና እጅህን ትከሻዬ ላይ አድርገህ «ስሚ» አልከኝ። ማሽኑ ይጮኻል አልኩህ። «እሱን ተዪው፤ ከእሱ በላይ ያለውን ስሚ» አልከኝ። ብዙ ቆምኩ። ከዚያ መጣ፤ በጣም ቀጭን፣ ሰው በጥርሱ መካከል አየር ሲስብ እንደሚሰማው። «ይህን ስትሰሚ እግርሽን እንዳታነሺ። ባለሽበት ቁሚ» አልከኝ። ማዳመጥ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ያንን ድምፅ በማሽኖቼ ስፈልገው ኖሬ በመጨረሻ አገኘሁት። ስምንተኛው ላይ ያለው አራት ደቂቃ እሱ ነው። ወፍራሙን ያቆምኩት እሱ ብቻ እንዲሰማ ነው። ለአንተ ነበር የሠራሁት። ሰምቶ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይስቃል ብዬ።

ጋሼ፣ የሚያፈሰውን ቧንቧ ድምፅ አትሰማም። ጥር 28 ደግሞ መጥረጊያ ሳትይዝ ከፊት ትሄዳለህ።

ስልኩም አሁን ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን አስቀይሜው ነው እያልኩ ስጨነቅ ኖሬያለሁ። የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር።

ለአለቃህ ንገረው። ለእትዬም ንገራት። ደውዬ ልነግራት እችላለሁ፤ ግን ከአንተ አፍ ብትሰማው ይሻላል።

ሽቦ

ታኅሣሥ 25

ይድረስ ለእህቴ፣

ፈተንሽኝ። ፊደል ላስቆጠርኩሽ ለእኔ ወጥመድ አዘጋጅተሽ «ሙዚቃ ነው» ብለሽ ላክሽልኝ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ይህን ያህል አይከፋኝም ነበር።

በእኔ ፈረቃ በሠላሳ ዓመት አንድ ሰው አልተቃጠለም። አንድም። እሺ፣ ቀጭኑ ትንሽ ርቆኛል። ሥራውን ግን አላቆመብኝም። የብረት ዘንግ አለኝ፤ አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን መንጋጋዬ ላይ አስደግፌ አዳምጣለሁ። ወፍራሙን ከማንም በላይ እሰማለሁ፣ አንቺ ራስሽ መስክረሽልኛል። ደግሞም ጡረታ እስክወጣ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ነው የቀረኝ።

ለአለቃህ ንገረው ትያለሽ። ምን ብዬ? እዚህ ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም፣ «ጆሮ» ነው የሚሉኝ። በር ላይ ያለው ጥበቃ እንኳ ጆሮ ገባ ብሎ ነው የሚመዘግበው። ጆሮ አይሰማም ብዬ ልንገራቸው?

ፍላሾቹን መሳቢያ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ሌላ አትላኪ። ለእትዬሽ ብትደውዪ በእኔና በአንቺ መካከል ያለው ነገር አበቃ።

ወንድምሽ

ጥር 8

ይድረስ ለጋሼ፣

ተቆጣ። ቁጣህን እችለዋለሁ፣ ልጅ ሆኜም እችለው ነበር።

ዘንግህን አሰብኩበት። ቧንቧው ላይ ለማስደገፍ መጀመሪያ ቧንቧው አጠገብ መድረስ አለብህ። ቀዳዳው ከመንገድህ ላይ ከሆነ ዘንጉ የሚነግርህ ከደረስክ በኋላ ነው። ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ስለዚህ ዘንጉን የጻፍክልኝ እኔን ለማሳመን አልነበረም፣ ራስህን ለማሳመን ነው።

በሠላሳ ዓመት ማንም አልተቃጠለም ብለሃል። እኔም በዚህ ስኮራ ነው የኖርኩት፤ አሁንም እኮራለሁ። ከሠላሳው ሃያ ስምንቱን ግን በጆሮህ ነው የጠበቅካቸው። ሁለቱን በዕድል ነው።

በመልስህ ስለ አዲሷ አንድም ቃል የለም። ከኋላህ የምትረግጠው አንተን አምና ነው። እሷም የሰው እህት ናት። ወንድሟ ቤት ቁጭ ብሎ ደብዳቤዋን ይጠብቅ ይሆናል፤ እሷ ብትጎዳ፣ እያወቅኩ ዝም ብዬ እንዴት እኖራለሁ?

ስለዚህ ለአለቃህ ጽፌያለሁ። በስልክ እንዲህ ያለ ነገር ብነግረው ማን ብሎ ያምነኛል? በወረቀት ከነመሰላሉ ነው የማስረዳው። ግልባጩ ከዚህ ጋር አለ፤ አንብበው። ዋናውን የምልከው ከሳምንት በኋላ፣ ጥር 15 ነው። ከ28 በፊት ይደርሰዋል። አንተ ቀድመህ ብትነግረው የእኔ ደብዳቤ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሳታናግረኝ ብትቀር እንኳ በሕይወት ሆነህ ነው የምትቀየመኝ።

ሽቦ

ጥር 20

እህቴ፣

ቀኑ ተቀይሯል። የማቅለሚያው ክፍል ሥራ ተጠራቅሞበት ቦይለሩ ቀድሞ እንዲነሣ ታዟል። ነገ ጠዋት ነው። ይህ ሲደርስሽ አልፏል።

ደብዳቤሽና ግልባጩ የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ናቸው። እስካሁን ለማንም አልነገርኩም።

ጥር 22

ይድረስ ለሽቦዬ፣

መጀመሪያ ይህን አንብቢ። ደህና ነኝ፤ አዲሷም ደህና ናት። ማንም አልተነካም። የትናንት በስቲያው ደብዳቤዬ ብቻውን ቀድሞ ደርሶ ያስጨነቀሽ እንደሆነ ይቅር በይኝ። ያን ቀን ሌላ የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

ትናንት እንፋሎቱ ተለቀቀ። አለቃው ሁሉንም ሰው ከበሩ ውጭ አቁሞ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። አዲሷ ደብተሯን ይዛ እንደ ልማዷ ከቀኝ ትከሻዬ ጀርባ ቆመች። ዞር ብዬ ጫማዋን አየሁት፤ ማሰሪያውን አጥብቃ ሁለት ጊዜ ቋጥራዋለች። በእሷና በእኔ መካከል ያለው አንድ እርምጃ ነው። ልሂድ ብዬ እግሬ አልነሣ አለኝ። አንቺን ባለሽበት ቁሚ ያልኩሽ ቦታ ላይ ነበር የቆምኩት፣ እዚያው በር ላይ።

«አልሰማም» አልኩ። አለቃው ትእዛዙን ጮክ ብሎ ደገመልኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ያስቀኝ ነበር። «ትእዛዙን አይደለም። ቀጭኑን አልሰማም። ሁለት ዓመት ሆነኝ» አልኩት።

ማንም አልተናገረም፤ ወይም ተናግረው አልሰማሁም። አለቃው ፊቱ ጠቆረ። አዲሷ ግን ደብተሯን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደችና ግቢ የምንጠርግበትን መጥረጊያ ይዛ መጣች። ፊቴ ላይ ቆማ ከንፈሯን እንዳይ አድርጋ «እኔ እሰማለሁ፤ እርስዎ ይህን ይያዙ» አለችኝ። እንዲህ ሆነን ገባን። እኔ መጥረጊያውን እያወዛወዝኩ ከፊት፣ እሷ የልብሴን እጅጌ ይዛ ከጎን። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘችና ወደ ላይ ጠቆመችኝ። ሽቦዬ፣ ምንም አልሰማሁም። ምንም። መጥረጊያውን ወደ ላይ ዘረጋሁት። ጭራው በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ መሬት ላይ ወረደ።

በኋላ ግፊቱ ተለቆ ቀዳዳው ሲለካ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከእኔ ራስ በላይ ነው፤ እኔ ሳላውቀው በሥሩ አልፌ እሄድ ነበር። ለእሷ ልክ ፊቷ ላይ ነው። የተቆረጠውን ጭራ ጥቂት አንሥቼ ከዚህ ወረቀት ጋር አጥፌልሻለሁ። አስቀምጪው ወይም ጣዪው፤ እኔ ግን ቤቴ ላስቀምጠው አልቻልኩም።

ለአለቃው የጻፍሽው ዛሬ ጠዋት ደረሰ። አንድ ቀን ዘግይቶ። አንብቦ ሲጨርስ ለእኔ ሰጠኝ። እሱን ብጠብቅ ኖሮ ዛሬ ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ አስቢው። ከሰኞ ጀምሮ የውኃ መሙያው ቫልቭ ላይ ነው የተመደብኩት፤ ከፊት የምትሄደው አዲሷ ናት። ደግሞም ከእንግዲህ ማንም ጆሮ ቢኖረውም ባይኖረውም መጥረጊያ ሳይዝ እንዳይገባ ታዟል። አፍሬያለሁ። ሠላሳ ዓመት የያዝኩት ስም በአንድ ጠዋት ከላዬ ሄደ። ቀሎኛልም፣ ሁለቱም እውነት ነው። ጥበቃው ግን ዛሬም ጆሮ ገባ ብሎ ነው የመዘገበኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ለእትዬሽ ማታ ነገርኳት። ታውቅ ኖሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጡ ሆነችብኝ ብዬ ሳዝን፣ ለካ እንድሰማት ነው የምትጮኸው። ጎረቤት ሁሉ ያወራው ነበር አለችኝ፤ አናጢው እግዜር ይማርዎት ያለኝም አንድም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የጠላሁሽ መስሎሽ ነበር ያልሽው ከሁሉም በላይ አቃጥሎኛል። መጨረሻ የደወልሽልኝ ቀን አንድ ነገር እየነገርሽኝ አለቀስሽ፤ ለምን እንደሆነ አልሰማሁም። ደግመሽ በይው ማለት አፈርኩና አይዞሽ ብዬ ዘጋሁት። እስከ ዛሬ ያስለቀሰሽን አላውቅም። ከዚያ በኋላ ስልኩን ሳየው ፈራሁት። እሁድ ደውዪ። እትዬሽ ታነሳለች፤ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ያልሽውን እየደገመች ትነግረኛለች። ያኔ ያልሽኝን ደግመሽ በይኝ።

ፍላሹን ከመሳቢያ አውጥቼዋለሁ። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ስምንተኛውን ከፈትኩና እትዬሽን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ቀጭኑ ድምፅ ሲጀምር ክንዴን ያዢኝ፣ ሲያበቃ ልቀቂኝ አልኳት። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ወፍራሙ ሄደ፤ ለእኔ እንደ ቀድሞው ባዶ ሆነ። እሷ ግን ክንዴን ያዘችው። ቴፑን አላየሁም፣ የእሷን ፊት ነበር የማየው። አራት ደቂቃ ሙሉ አለቀቀችኝም።

ወንድምሽ